ሱፍ የለበሰ ደላላ

እንግሊዝ አገር በኮንትራት የሚሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ እንጀራው በኤጀንት እጅ ነው። ትልልቆቹ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ኮንትራክተርን በቀጥታ ማናገር ብዙም አይወዱም። ሰው ሲፈልጉ ውል ላላቸው ኤጀንሲ ይደውላሉ፤ ኤጀንሲው ደግሞ ለእኛ ይደውላል። ለዓመታት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ። አዲስ አበባ ስገባ ደግሞ ከደላላ ጋር እከራከራለሁ። የሁለቱም ሥራ ያው ማገናኘት ነው። የሚለያዩት ሂሳቡ ላይ ነው።

የአገር ቤቱ ደላላ ድርሻውን ዓይንህን እያየ ይጠይቃል። የቤት ሠራተኛ ሲያመጣ ከአሠሪውም ከልጅቷም ይቀበላል። «ጋሼ፣ የእኔን ነገር እንዳይረሱ» ይልሃል በር ላይ ቆሞ። ልጅቷ በሳምንቷ ጥላ ብትሄድ ደውለህ ትጮህበታለህ። ወይ ሌላ ያመጣል፣ ወይ ስልኩን ያጠፋል። ቢያጠፋም የሚቀመጥበት ጥግ ይታወቃል።

የእንግሊዙ ደግሞ ከአንተ ሰባራ ሳንቲም አይወስድም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የኤጀንሲዎች ሕግ፣ እንደ መዝናኛና ሞዴሊንግ ካሉ ጥቂት ሙያዎች በስተቀር፣ ሥራ ፈላጊን «ሥራ አግኝቼልሃለሁና ክፈል» ማለትን ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን አንድ ነገር አብሮት መጣ። የማትከፍለው ሰው ደንበኛ አያደርግህም። ደንበኛው ድርጅቱ ነው፤ አንተ የሚሸጠው ዕቃ ነህ። ደላላው ከሁለት ወገን ስለሚበላ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ያፍራል። ኤጀንቱ የሚያፍረው አንዱን ብቻ ነው።

ስልኩን ስታነሳ ግን ይህ አይታወቅህም። አብሮ አደግህ ነው የሚመስለው። «ልክ በአንተ ልክ የተሰፋ ሥራ አለኝ፤ ሲቪህን በአንድ ሰዓት ውስጥ ላክልኝ» ይላል። የድርጅቱን ስም ስትጠይቀው ለጊዜው ምስጢር ነው። ከዚያ እንደ ዋዛ ጣል ያደርጋታል፦ «ሌላ የት የት እያናገርክ ነው? እንዳንጋጭ ብዬ ነው።» የዋህ ጥያቄ ትመስላለች። አንተ ስትመልስለት ግን ያ ድርጅት ሰው እየፈለገ መሆኑን አወቀ። ስልኩን ዘግቶ እዚያው ይደውላል፤ የራሱን ሰው ሊያስገባ። «የድሮ አለቆችህን ስምና ስልክ ስጠኝ» የምትለዋም ከዚያው ናት። ኢንተርቪው እንኳ ሳይኖር ምን ሊያጣራ ነው? አንዳንዴማ ሥራውም የለም፤ ማስታወቂያው ሲቪ ለመሰብሰብ የወጣ ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው፦ «ሥራው ሲሰጠኝ እሰጥሃለሁ።»

ሌላም አለ። አንድ ሥራ ሦስት ኤጀንሲ ጋ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱ ሲቪህን ከላኩ ድርጅቱ «ኮሚሽኑ የማን ነው» ከሚል ጭቅጭቅ አንተን መተው ይቀለዋል። አገር ቤት አምስት ደላላ የያዘውን ቤት ለመግዛት የሞከረ ሰው ይህ አይጠፋውም። ስለዚህ ለአንዱ ብቻ በኢሜይል «ለዚህ ድርጅት፣ ለዚህ ሥራ፣ በዚህ የቀን ክፍያ እንድትወክለኝ ፈቅጃለሁ» ብለህ ትጽፋለህ። ከዚያ በፊት ሲቪህ ከእጁ መውጣት የለበትም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ድርጅቱ ለአንተ በቀን 600 ፓውንድ ይከፍላል እንበል። ኤጀንቱ «ገበያው ከ450 በላይ አይፈቅድም» ይልሃል። መሃል ላይ ያለችው 150 የእሱ ናት። ስንት እንደሚወስድ ብትጠይቀው ሳቅ ብሎ ወሬ ይቀይራል። ውሉ ላይ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ለተወሰኑ ወራት ከዚያ ድርጅት ጋር በቀጥታ እንዳትሠራ የሚያስር አንቀጽ አለ። አብሮ የሚመጣ ሌላ ቅጽም አለ። እ.ኤ.አ. የ2003 ደንብ፣ ኤጀንሲው ከድርጅቱ ገንዘቡን ባያገኝም ለሠራህበት መክፈል አለበት ይላል። በራሱ ኩባንያ ስም የሚሠራ ኮንትራክተር ግን ከዚህ ጥበቃ በፈቃዱ መውጣት ይችላል። ቅጹ የዚህ መውጫ ነው። «የተለመደ ነው፣ ፈርምልኝ» ይባላል። ካልፈረምክ ሥራ አላፈላልግህም ማለት እንደማይፈቀድለት ግን አይነግርህም። ደንቡ ላይ ተጽፏል።

በቅርብ ዓመታት መሃል ላይ ሌላ ሰው ገብቷል። አይአር35 የሚባለው የግብር ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያለ ነው፤ በኩባንያ ስም እየተከፈለው እንደ ተቀጣሪ የሚሠራውን ሰው እንደ ተቀጣሪ ለማስገበር የወጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በ2021 ደግሞ በመካከለኛና በትልልቅ የግል ድርጅቶች፣ «ይህ ሰው እንደ ተቀጣሪ ይገበር ወይስ አይገበር» የሚለው ውሳኔ ከኮንትራክተሩ ወደ አሠሪው ዞረ። አሠሪዎቹ ፈሩ። ብዙዎቹ «በአምብሬላ ካምፓኒ በኩል ና» አሉ። አምብሬላው በወረቀት አሠሪህ ይሆናል። ሂሳቡ ሲሠራ ግን አሠሪ ለመንግሥት የሚከፍለው መዋጮ፣ ከኤፕሪል 2025 ወዲህ 15 በመቶ የደረሰው፣ ከተነገረህ የቀን ክፍያ ላይ ይነሳል። የአምብሬላው የራሱ ክፍያም እንዲሁ። 450 የተባለው ሰው ባንኩን ሲያይ የሰው ደሞዝ የገባለት ይመስለዋል። ከ2020 ወዲህ ኤጀንሲው እነዚህን ተቀናሾች ከውል በፊት ከሁለት ገጽ በማይበልጥ ወረቀት ማሳየት አለበት። ጠይቁት። እንግሊዝ አገር ያለው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ የምትጠይቀው ወረቀት አለ።

ሕጉማ አገር ቤትም አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቪዛውንና የደርሶ መልስ ቲኬቱን አሠሪው ይችላል ይላል። ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው ልጅ ግን ኤጀንሲው በር ሳትደርስ፣ መንደሯ ላይ ለደላላ ከፍላ ነው የምትመጣው። ደረሰኝ የለም፣ ስም የለም። ማንን ትከሳለች?

እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለውጭ ድርጅት ሶፍትዌር የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች አሉ። ድርጅቱን በቀጥታ አያውቁትም። መሃል ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ እንደ እኔ ውጭ የሚኖር ሐበሻ ነው። ሥራውን በራሱ ስም ይይዛል፣ ዶላሩን ይቀበላል፣ ለልጆቹ በብር ይልካል። ውል የሚባል ነገር የለም። «ወንድሜ» እየተባባሉ ነው። ይኸው ሰው ለንደን ላይ የኤጀንት ድርሻ ሲነሳ ደሙ ይፈላል።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ አማከረኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ስንት እንደሚከፍሉት ጠይቄው አላውቅም፤ ቅር ይለዋል ብዬ» አለኝ። ድርሻውን መንገር ካልፈለገ ይቅር አልኩት። ሦስት ነገር ግን በቴሌግራም እንኳ ቢሆን በጽሑፍ ተቀበል። ገንዘቡ በስንት ቀን ይደርስሃል? በየትኛው ቀን ምንዛሪ ይሰላል? ድርጅቱ ባይከፍልስ? ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ሁለተኛዋ ጥያቄ ቀላል አይደለችም።

ልጁ ጽፎ ላከ። ለሁለቱ ቶሎ መልስ አገኘ። ሦስተኛዋን ግን «እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሃል» ብሎ አለፋት።