ጫጩቶቹን ማን መዘናቸው?

ከአዲስ አበባ ወጣ ስትሉ፣ በሰበታም ሆነ በገላን በኩል፣ የአሳ ገንዳ ማየት እየተለመደ መጥቷል። የሌማት ትሩፋት ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ላምና ዶሮ የነበረው ሰው ጓሮውን ቆፍሮ፣ ሸራ አንጥፎ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውን አሳ ማርባት ጀምሯል። ደስ የሚል ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ስለ ገንዳዎቹም ይሁን ወደ ግድብና ሐይቅ ስለሚለቀቁት ጫጩቶች የምንሰማው ዜና ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይህን ያህል ሺህ የአሳ ጫጩት ተለቀቀ ይባላል። ከዚያ በኋላ ዝም። ሲለቀቁ ከሲታ ነበሩ ወይስ ጠና ያሉ? ስንቶቹስ ከረሙ? የሚጠይቅ የለም።

ይህ ጥያቄ ሩቅ አገር፣ በሳልመን ላይ፣ ለብዙ ዓመት ሲጠና ቆይቷል። ሳልመንን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ ነው። በእኛ ወንዞች የለም። ዘመዱ ትራውት ግን አለ፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ ወንዝ ውስጥ ተለቆ እዚያው ለምዷል።

የፓስፊክ ሳልመን ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ወደ ባሕር ይወርዳል። እዚያ በልቶ ይደልባል። ከሰውነቱ ክብደት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ባሕር ውስጥ የተገነባ ነው። ጊዜው ሲደርስ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል፤ እንቁላሉን ይጥላል፤ ይሞታል። እነዚያ ወንዞች ቀዝቃዛና ጥርት ያሉ ናቸው። ለዓይን ያምራሉ እንጂ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የላቸውም ማለት ይቻላል። የሞተው አሳ በድን ነው ከባሕር ያመጣውን ንጥረ ነገር ለወንዙ የሚያወርሰው። ድንጋዩ ላይ ያለው አረንጓዴ አልጌ በዚያ ይለመልማል፣ ነፍሳቱ አልጌውን ይበላሉ፣ ትንንሾቹ አሶች ነፍሳቱን ይበላሉ። ጫጩቶቹ በቀጥታም የበድኑን ሥጋና የተረፈውን እንቁላል ይለቅማሉ።

ሮበርት ቢልቢ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ይህንኑ በግልጽ አሳይቷል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ትንንሽ ወንዞች ውስጥ የሳልመን በድን ጨመሩ። በድኑ ውሃው ውስጥ በቆየበት ጊዜ የጫጩቶቹን ሆድ ሲያዩ ከግማሽ በላዩ እሱና እንቁላል ነው። በድን የተጨመረላቸው ጫጩቶች ካልተጨመረላቸው ይልቅ የሰውነት አቋማቸው ተሻለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ስሌት ደግሞ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ወንዞች ድሮ በሳልመን በኩል ይገባ ከነበረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ዛሬ የሚገባው ከ6 እስከ 7 በመቶ ብቻ ነው ይላል። ሳልመኑ በግድብና በአጥማጅ ሲያልቅ ወንዙም አብሮ ተራበ ማለት ነው። ወንዙ ሲራብ ደግሞ የሚቀጥለው ትውልድ ከሲታ ሆኖ ያድጋል።

ከሲታነቱ ምን ያመጣል? ኮሆ የሚባለው የሳልመን ዓይነት ወደ ባሕር ከመውረዱ በፊት ወንዙ ውስጥ አንድ ሙሉ ክረምት ያሳልፋል። የእነሱ ክረምት ብርድና ጎርፍ ነው፤ ምግብም ይጠፋል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ከእርሻ ወራት በፊት ጎድን ጎድኑን እንደሚያየው፣ አሳ ተመራማሪውም ከብርዱ በፊት ሥጋ መያዝ አለመያዙን ያያል። ስንቅ ያልያዘው መሀል ላይ ይቀራል። የተረፈውም ባሕር ሲደርስ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በካናዳ ቫንኩቨር ደሴት ኪዮግ በሚባል ወንዝ ላይ ስቲልሄድ የሚባለው፣ እንደ ሳልመን ባሕር የሚወርደው ትራውት ሲጠና፣ ትልቅ ሆነው ወደ ባሕር የወረዱት በሕይወት ተርፈው የመመለስ ዕድላቸው ከትንንሾቹ በጣም ይበልጥ ነበር። በዚያው ወንዝ ላይ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ማዳበሪያ ጨምረው ሞክረዋል፤ ጫጩቶቹ ፈጥነው አደጉ።

አቋምን የሚለካው ስሌት ደግሞ ቀላል ነው። ፉልተን በሚባል የስኮትላንድ ሰው ስም ይጠራል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክብደቱን በግራም ወስዳችሁ በ100 ታበዛላችሁ። ርዝመቱን በሴንቲሜትር ለክታችሁ በራሱ ታበዛላችሁ፤ የመጣውን እንደገና በርዝመቱ ታበዛላችሁ። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ማካፈል ነው። 6 ሴንቲሜትር የሆነና 2.2 ግራም የሚመዝን የሳልመን ጫጩት ወደ 1.02 ይመጣል፤ ደህና ነው። ያው 6 ሴንቲሜትር ሆኖ 1.7 ግራም ቢመዝን ግን 0.79 ነው፤ ተርቧል። ሁለቱም ጫጩቶች በዜናው ላይ «አንድ» ተብለው ነው የሚቆጠሩት።

ቁጥሩ ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችልም ልብ በሉ። የተራበ አሳ ስቡ ሲያልቅ በምትኩ ሰውነቱ ውሃ ይይዛል፤ ሚዛኑ ላይ ያን ያህል የከሳ አይመስልም። ወደ ባሕር ሊወርድ የተዘጋጀ ሳልመን ደግሞ ሳይራብም ይቀጥናል። ቆሮሶም በተፈጥሮው ወርዱ ሰፊ ስለሆነ ደህናው ወደ 2 ይጠጋል፤ ከሳልመን ጋር አይወዳደርም። ቆሮሶን ከቆሮሶ፣ የዘንድሮውን ከአምናው ነው ማወዳደር።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እኛ ጋ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን ሰንጥቀው መጥተው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። የሽንት ቤቱም የፋብሪካውም ፍሳሽ አብሮ ይወርዳል። በወንዙ ዳር ያለውን ቆስጣ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ ያለ ማዳበሪያ የሚፈነዳ። የሚያለማው ያው የሳልመኑ ወንዝ ያጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። አባ ሳሙኤል ላይ እምቦጩን የሚያደልበውም እሱ ነው። አልጌውና እምቦጩ ሲበዛ፣ የበሰበሰው ሲከማች፣ ሌሊት የውሃው ኦክስጅን ይሟጠጣል። ሊነጋ ሲል አሳው አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ አየር ሲስብ ይታያል። እዚያ ላይ የፋብሪካው ኬሚካል አለ።

ስለዚህ የፈረንጅን መፍትሔ እንዳለ አምጥቶ መገልበጥ አያዋጣም። ለነገሩ እነሱም ጋ በድን ተጨምሮ ምንም ያልተለወጠባቸው ወንዞች አሉ፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነበርና። ከእነሱ መውሰድ ያለብን ጫጩቱን መዝኖ የጎደለውን የመጠየቅ ልማዳቸውን ነው።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት ከልቤ እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ ዳርና ዳሩ በድንጋይና በሲሚንቶ ብቻ የሚታጠርበት ቦታ ነው። ቅጠል ካልረገፈበት፣ ሥር ካልገባበት፣ ነፍሳት ከየት ይመጣሉ? ነፍሳት ከሌሉ ውሃው ጥርት ቢልም ጫጩት የሚበላው የለም።

ገንዳው ጋ ደግሞ ነገሩ በእጃችን ነው። ሰበታ አካባቢ ገንዳ ያለው ወዳጄ ውሃውን ለማዳበር የዶሮ ፍግ ይጨምራል፤ ፉርሽካና ፋጉሎም ይመግባል። እጁን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ይከትና መዳፉን ይፈልጋል። ቁልጭ ብሎ ከታየው ውሃው ርቦታል። ክርኑ ሳይደርስ ከጠፋበት ፍግ አብዝቷል፤ ኦክስጅን ያሰጋል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጫጩት ይዞ ማስመሪያ ላይ ያጋድማል፣ በትንሽዬ ዲጂታል ሚዛን ይመዝናል። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ሆዱ የገባ ካገኘ ብርዱ ሳይገባ ምግቡን ይጨምራል። ምክንያቱም ቆሮሶ የሙቅ ውሃ አሳ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ በጣም ይዘገያል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉት የእኛ ደጋ ሌሊቶች ለእሱ የኮሆን ክረምት ያህል ናቸው።

ጫጩት የሚያከፋፍሉ መሥሪያ ቤቶች ይህን ማድረግ አያቅታቸውም። ሰበታ ላይ የአገሪቱ የአሳ ምርምር ማዕከል አለ። እውቀቱ ደጃችን ላይ ነው። የሚጎድለው ሪፖርቱ ላይ አንድ ዓምድ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ርክክብ ሠላሳ ያህል ጫጩት ይመዘን፣ ይለካ። ገንዳ ያላቸው ሰዎችም ሲረከቡ «ስንት ናቸው?» ካሉ በኋላ «አቋማቸውስ?» ይበሉ። መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ፣ ብርዱ ሲያልፍ በየካቲት ሌላ ጊዜ ይመዘኑ፤ በሕይወት ያሉትም ይቆጠሩ። ሁለቱም ውጤት ከተለቀቀው ቁጥር ጎን ይጻፍ፤ ዜናም ሆኖ ይነገር።