ሕጉ የሚለውን የተናገሩ ሹም

ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ከምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነት በጤና ምክንያት እንደሚለቁ ካሳወቁ ወዲህ፣ ስለ እሳቸው የሚነሳው ክርክር ከሁለት ጫፍ አልወጣም። ለአንዱ የቃሊቲዋ ጀግና ናቸው፤ ለሌላው ከትግል ወደ ሹመት የተሻገሩ ሰው። ሥራቸውን፣ ማለትም የፈረሙበትን ውሳኔ፣ አንስቶ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ፣ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤት እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ፓርላማውም ጊዜ ሳይሰጥ በሙስና ለተጠረጠሩ ሰዎች ዋስትና የሚከለክል ማሻሻያ አጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል፤ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበርነት፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ እስርና የዕድሜ ልክ ፍርድ፣ ይቅርታ፣ አንድነት ፓርቲ፣ ዳግም እስር፣ ስደት። በኅዳር 2011 ፓርላማው የቦርዱ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው።

በግንቦት 2015 ሕወሓት የተሰረዘው ሕጋዊ ሰውነቱ እንዲመለስለት ጠየቀ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና መንፈቅ ነበር፤ ሰላሙ እንዳይደፈርስ ሁሉም ይሰጋ ነበር። ቦርዱ ግን በኃይል ተግባር ምክንያት የተሰረዘ ፓርቲ ስረዛው ተነስቶ ወደ ነበረበት የሚመለስበት ድንጋጌ በሕጉ የለም አለ። በዓመቱ ፓርላማው የምርጫ ሕጉን አሻሽሎ መንገዱን ከፈተ። ሁለቱ ማሻሻያዎች በዓላማ አይገናኙም፤ አንዱ ሰው እስር ቤት ለማቆየት፣ ሌላው ሰላም ለማጽናት የወጣ ነው። የብርቱካን ድርሻ ግን በሁለቱም አንድ ነው። ሕጉ የሚለውን ተናገሩ፤ ካልተመቸ ሕግ አውጪው በስሙ ተነስቶ ይቀይረው። እኔ ከምርጫ ሹም የምፈልገው ይህን ነው።

ይህን ስል ያዘንኩበትን አልዘለውም። ከ6ኛው ምርጫ በፊት ሰበር ሰሚ ችሎት የታሰሩት የባልደራስ ዕጩዎች፣ አቶ እስክንድር ነጋን ጨምሮ፣ እንዲመዘገቡ ሲወስን፣ ቦርዱ የድምፅ መስጫ ወረቀት ታትሟል፣ ለመፈጸም አስቸጋሪ ነው አለ። የራሳቸው የዳኝነት ትዕዛዝ በፍርድ ቤት ደጃፍ የተጣሰባቸው ሰው የሚመሩት ተቋም ለፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሰበብ ማቅረቡ ልቤን ሰብሮታል። በኋላ ዕጩዎቹ ተመዘገቡ። ያ ማመንታት ግን ባይኖር ምንኛ በወደድኩ።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ሲሰጥ ራሳቸው መግለጫ ላይ ቀርበው በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ፓርቲ ታዛቢዎች ከጣቢያ እየተባረሩ መሆኑን ተናገሩ። የቦርዱ ሰብሳቢ በምርጫው ዕለት እንዲህ ሲል ሰምተን አናውቅም ነበር። የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ኦነግና ኦፌኮ በሌሉበት፣ ትግራይ በጦርነት ውስጥ እያለች፣ ብልጽግና ከ436 መቀመጫ 410ሩን የወሰደበትን ምርጫ ይህ ንግግር ፉክክር ያለበት አላደረገውም። ቦርዱ ጣቢያ ይከፍታል እንጂ እስር ቤት አይከፍትም፤ ጦርነትም አያቆምም። ስለዚህ የዚያን ዓመት ጉድለት ሁሉ በአንድ ሴት ትከሻ ላይ መጫን ፍትሕ አይመስለኝም።

የወላይታውን ሕዝበ ውሳኔ ምስጋና ግን ሙሉ በሙሉ ለቦርዱ እሰጣለሁ። የዞንና የልዩ ወረዳ ምክር ቤቶች በጋራ ክልል ለመደራጀት አስቀድመው ወስነው ነበር፤ ከሕዝበ ውሳኔው የሚጠበቀው ውጤትም የታወቀ ነበር። ቦርዱ በጥር 2015 በወላይታ ዞን የተሰጠውን ድምፅ በሕግ ጥሰት ሰርዞ በሰኔ አስደገመው። መጨረሻው አልተቀየረም፤ ወላይታ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ገባ። ውጤቱ እንደማይቀየር እየገመቱ መድገም ገንዘብ ያስወጣል፣ ያስወቅሳል፣ የገዛ ተቋምን ስህተት ለሕዝብ ያሳያል። የወላይታ መራጭ ግን በእውነት ተቆጥሯል።

የቦርድ አባላትን የሚመለምለው ኮሚቴ ወደፊት ዕጩ ሲያቀርብ የፖለቲካ ታሪካቸውን ብቻ ይዞ አይምጣ። ለመንግሥትም ለተቃዋሚም የማይመች ሕግ ከፊታቸው ሲቀመጥ ምን እንደወሰኑ በሰነድ ያሳየን፤ ፓርላማውም እጅ ከማውጣቱ በፊት በቀጥታ ሥርጭት ይጠይቃቸው።