ለማደያው ባለውለታ

ሌሊት 11 ሰዓት ተሰልፈው፣ በቴሌብር ከፍለው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የቀዱትን ቤንዚን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ ቤት በር ላይ በቆመ ሞተር እያጓሩ የሚያነዱ ሰው ሀዋሳ ውስጥ አሉን። አንቱ የምንላቸው ስለ ዕድሜያቸው አይደለም፤ ዕድሜያቸውማ ገና 23 ነው። ስለ ልግስናቸው ነው። ከአራት ሰዓት ሰልፍ በኋላ ያገኘውን ነገር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለአየሩ የሚመጸውት ሰው አንቱ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

ሞተራቸው ባለ 150 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ነው። በወጉ ቢይዙት በሊትር 45 ኪሎ ሜትር ይሄድላቸው ነበር። እሳቸው ግን 28 ላይ አውርደውታል። እዚህ ለመድረስ ደግሞ በዘፈቀደ አይሆንም፤ ከጠዋት እስከ ማታ መትጋት ይጠይቃል።

ትጋታቸው የሚጀምረው ከቾኩ፣ ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሣ አየሩን ከሚያፍነው ማንሻ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያስቸግር ቾኩን ይስባሉ፤ እስከዚህ እንደ ማንኛውም ሰው ናቸው። ሌላው ሰው ሞተሩ ግማሽ ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ሠርቶ ድምፁ ሲስተካከል ይመልሰዋል። ክቡርነታቸው ግን ከአቶቴ ፒያሳ ድረስ እንደ ተሳበ ይዘውት ይመጣሉ። አየሩ ታፍኖ ቤንዚኑ ሲበዛ ከማርሚታው የሚወጣው ጥቁር ጭስ ኋላቸው ላለነው ይደርሰናል። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው።

ከዚያ ቁርስ። ፍርፍራቸው እስኪቀርብ ሞተሩ አይጠፋም፣ "እንዳይቀዘቅዝ"። የሳቸውን የሚያክል ሞተር ቆሞ፣ ጋዝ ሳይነካ፣ በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት ሩብ ሊትር ገደማ ይጠጣል። በየመሐሉ ለሰፈሩ ሰላምታ የሚሰጡት ማጓራት ሲጨመርበት ሒሳቡ ሌላ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉ ነበር የጥንት ሰዎች፤ ሞተር ስላልነበራቸው ነው በጤፍ የመሰሉት።

ጥበባቸው የሚታየው ግን ከጉብታ እስከ ጉብታ ነው። አንዱን ጉብታ ተሻግረው ቀጣዩ 80 ሜትር ላይ በዓይናቸው እየታያቸው ጋዙን እስከ መጨረሻው ያዞሩታል። 60 ይገባሉ። አፍንጫው ላይ ሲደርሱ ፍሬን። ይህች ትርዒት በነጻ አይደለችም። ሞተሩና ሰውየው አንድ ላይ 190 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ሞተሩ ከሚያቃጥለው ቤንዚን አንድ አምስተኛውን ወደ ጉልበት ይለውጣል ብንል፣ ከቆመበት ተነሥቶ 60 ለመግባት ብቻ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበላል። የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ከዚያ የተገኘውን ጉልበት ሁሉ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ለፍሬን ሸራው ሙቀት አድርገው ይሰጡታል። በ30 ቢሄዱ ኖሮ የሚፈልጉት ሩቡን፣ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነውና። በቀን 40 ጉብታና መብራት ያገኛቸዋል እንበል። ልዩነቱ 120 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ ስኒ ቡና በላይ። እንግዳ ባይመጣም በየቀኑ ይቀዳል። ቀጣዩ ጉብታ ላይ ደግሞ ጋዙን ቀደም ብሎ ለቆ በማርሹ እየጎተተ የመጣ ሽማግሌ ፖስተኛ እኩል ይደርስባቸዋል፤ እሱ ግን ትርዒት አያውቅም።

ወደ ሻሸመኔ መንገድ ሲወጡማ ነገሩ ከማንኪያ አልፎ በጣሳ ይሆናል። በ80 የሚሄድ ሞተር የሚገጥመው የንፋስ ግፊት በ40 ከሚገጥመው አራት እጥፍ ነው። ክቡርነታቸው ይህን ለማጎልበት ደረታቸውን ገልብጠው፣ ጃኬታቸውን ከፍተው፣ እንደ ሸራ ተወጥረው ይሄዳሉ። ዳሽቦርዳቸው ላይ በቁጠባ ሲነዳ የምትበራ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ነበረች። የአርሰናል ስቲከር ለጥፈውባታል።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ፤ ብዙው ምስጢር እዚያ ነው ያለው። ሞተሩ "ጉልበት አነሰው" ብለው ሄዱ። ሊያንሰውም ይችላል፦ ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ደብረ ብርሃን ቢወጡ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። አየር ሲሳሳ ካርቡሬተር አያውቅም፤ ቤንዚኑን ቀድሞ በተመጠነለት ቀዳዳ መላኩን ይቀጥላል። ስለዚህ ደጋ ላይ ድብልቁ ወደ ቤንዚን ያደላል፤ መፍትሔውም ቤንዚን የምትመጥነዋን በመሐሏ የተበሳች ትንሽ የናስ ብሎን አንድ ቁጥር ዝቅ ባለች መተካት ነው። ክቡርነታቸውና መካኒካቸው መክረው የወሰኑት ተቃራኒውን ነው። ብሎኗን ፈትተው በስስ ሽቦ አሰፏት፣ "በደንብ ይብላ" ብለው። ቀዳዳዋ ከ1 ሚሊ ሜትር ወደ 1.1 ብትሰፋ ለዓይን ምንም አትመስልም፤ የሚያልፍባት ቦታ ግን በ21 በመቶ ይጨምራል። በላ። እንዴት ያለ አበላል! እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ለሚያይ ማስረጃው አፉ ላይ ተቀምጧል፦ ጤነኛ ቢሆን ፈካ ያለ ቡናማ ነበር፤ የሳቸው እንደ ምጣድ ቂጥ ጥቀርሻ ለብሷል። ድብልቁ ቀጥኖ ቢሆን ደግሞ ይነጣ ነበር፤ ይህ ግን የቆጣቢ ነን ባዮች በሽታ ስለሆነ እሳቸውን አይመለከትም።

የአየር ፊልትሮውስ? ከወንዶ ገነት አቧራ ሲመለሱ ደፍኖ ነበር። ስፖንጅ ነው፤ በላምባ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፣ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠጥቶ እንደገና ተጨምቆ ቢገባ አሥር ዓመት ያገለግላል አልልም፣ አንድ ሁለት ክረምት ግን ያገለግላል። ወረቀት ቢሆን ኖሮ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋል፣ ካልሆነ ይቀየራል። እሳቸው አላጠቡም፣ አልነፉም፣ አልቀየሩም። አውጥተው ጣሉት። "እስኪ ይተንፍስ" አሉ። ተነፈሰ፤ የተነፈሰው ግን አቧራ ነው። አቧራ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ዘይት ሾልኮ መቃጠል ይጀምራል፤ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል። እነሆ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ጭስ በአንድ ማርሚታ። ማርሚታውም ውስጡ ወጥቶ ባዶ ነው፤ ለድምፅ ሲባል። ባለ አራት ምት ትንሽ ሞተር የውስጥ ቱቦው ሲወጣለት በዝቅተኛ ዙር ጉልበቱ ይወድቃል፤ ያን ለማካካስ ጋዝ ይጨመራል፤ ጋዝ ሲጨመር ድምፁ ያምራል። ምሉዕ ክበብ ነው፤ የሚጎድለው ቤንዚኑ ብቻ ነው።

ግራ እጃቸውንም እናመስግን። ሁለት ጣታቸው ማርሽ ሲቀየር ብቻ ከሚጨበጠው ፍሪሲዮን ላይ ወርዶ አያውቅም። በመያዣው ግርጌ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚላላ ክፍተት መኖር ነበረበት፤ ጣታቸው ግን ገመዱን ሁልጊዜ በጥቂቱ ስቦ ይይዘዋል፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ ሙሉ በሙሉ አይነክስም፣ ይንሸራተታል። በአራተኛ ማርሽ በ40 እየሄዱ ጋዙን በአንዴ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፣ ሞተር ሳይክሉ ግን "ቆይ ልምጣ" ይላል። ያ ነው ምልክቱ። እሳቸው "ጉልበት አነሰው" ያሉትም ይሄንኑ ነበር፤ ሕመሙ ግራ እጃቸው ላይ ሆኖ ሕክምናው ካርቡሬተሩ ላይ ተደረገ። ቀኝ እግራቸው ደግሞ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ከገብርኤል እስከ አሞራ ገደል የኋላ መብራታቸው አይጠፋም።

ብቻ አይቆጥቡም ብሎ ማማት ኃጢአት ነው። ቁልቁለት ሲያገኙ ሞተሩን ያጠፋሉ። ቁልፉን አዙረው፣ ማርሹን ዜሮ አድርገው፣ ዝም ብለው ይወርዳሉ። የሞተር ብሬክ የለም፤ ሸክሙ ሁሉ የፍሬን ሸራ ላይ ነው፤ ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል። አንዳንዴ ለደህንነት ብለው ማርሹን አስገብተው ቁልፉን ብቻ ያጠፋሉ፤ ያኔ ሞተሩ እየዞረ ቤንዚን ይስባል፣ እሳት ስለሌለ ሳይቃጠል ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ታች ሲደርሱ ቁልፉን ሲመልሱት ጧ! ይላል። ፈረስ ይደነብራል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ እሳቸው "ቆጠብኩ" ይላሉ። የቆጠቡት የጉብታዋን ሁለት ማንኪያ ቢያክል ነው።

ፍጆታቸውን የሚለኩበት መንገድም ለየት ይላል። ክዳኑን ከፍተው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ሞተሩን በዳሌያቸው ይወዘውዙታል፣ ድምፁን ይሰማሉ። "ግማሽ አለ።" ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁሞ እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ ኪሎ ሜትሩን ጽፎ፣ 150 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ በዚያው አቋቋም እስከዚያው ምልክት መልሶ ሞልቶ፣ የሄዱበትን በተቀዳው ሊትር ማካፈል የሚባል ነገር አለ፤ ግን ይህ ደብተር ይፈልጋል፣ ከዚያም በላይ ጥፋተኛውን ያሳያል። በጆሮ ሲለካ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ማደያው ነው። "ቤንዚኑ ቀጠነ፤ ውኃ ቀላቀሉበት፤ ቆጣሪያቸው ይሰርቃል።" የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። በመንገድ ዳር በሃይላንድ ሲገዙ ግን፣ ላምባ የሸተተውን እንኳ፣ አያማርሩም፤ ሻጩ ወዳጃቸው ነው። በዚያ ቤንዚን ሞተሩ ዳገት ላይ ሲያንኳኳም "ዘይት ፈልጎ ነው" ይላሉ።

ባለፈው ታዲያ ማደያው ሊደርሱ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው አለቀባቸው። ሪዘርቩን፣ የመጠባበቂያውን ቤንዚን፣ ከሳምንት በፊት ከፍተውት ረስተዋል። ወርደው መግፋት ጀመሩ፤ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ጋዝ የለም፣ ማጓራት የለም፣ ከገዙት ጀምሮ በጣም ቆጣቢው ጉዟቸው ይሄ ነበር። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሞተሩ ግን እንቢ አለ። የኋላው ጎማ ብቻቸውን ሲሆኑ 28፣ ሰው ሲጭኑ 32 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ይፈልጋል፤ ያለው 15 ነው፣ እንደ ዳቦ ሊጥ አስፋልቱ ላይ ተንጠፍጥፏል። የኋላ ፍሬኑ ከመጠን በላይ ጠብቆ ሸራው ከበሮውን ሳይለቅ ይፍቃል፣ ሽ…ሽ…ሽ። ሰንሰለቱ ደርቆ እንደ በር ማጠፊያ ይጮኻል። መሐሉ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር መላላት ሲገባው እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። ሁሉንም በክንዳቸው ሰሙት፣ በወገባቸው ሰሙት። ሦስት ጊዜ ቆመው አረፉ፤ ላባቸውን ጠረጉ፤ ወደ ጎማው ዞር ብለው አዩ፤ ቀና ብለው መንገዱን ግራና ቀኝ ተመለከቱ።

"ይሄን አስፋልት የሠራው ሰው" አሉ፣ "የት ነው የተማረው?"