ከ49 ዓመት በኋላ ጉልበት አያምም እንዴ?

የአገራችን ትልቁ የጤና ጥናት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው። ቤት ለቤት ተኪዶ የሚሠራ ከባድ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር፣ በ2016 ደግሞ ቁጥሩ ወደ 67 እንደወረደ ያወቅነው በእሱ ነው። ይህን የሚያጣጥል የለም።

ግን ማንን ነው የሚያነጋግረው? ሴቶችን ከ15 እስከ 49፣ ወንዶችን ከ15 እስከ 59 ዓመት። የ60 ዓመቷ እናት ስማቸው በቤተሰቡ ዝርዝር ላይ ይሰፍርና መረጃ ሰብሳቢው ወደ ምራታቸው ይዞራል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ካቆሙ፣ ልብስ ለመልበስ የሰው እጅ መጠበቅ ከጀመሩ፣ ጭንቀት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ከነሳቸው ይህ ሁሉ የትም አይጻፍም። አልሞቱማ!

ዳሰሳው እንዲህ ያለውን ችግር ይጠይቅ ከተባለ መለኪያ መሣሪያው እኮ አለ። ኢኪው ፋይቭ ዲ (EQ-5D) የሚባል መጠይቅ ነው፣ ጥያቄው አምስት ነው፦ መራመድ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዕለት ሥራ፣ ሕመም፣ ጭንቀትና ድብርት። አዲሱ ቅጽ ለእያንዳንዱ ከ«ምንም ችግር የለብኝም» እስከ «ጭራሽ አልችልም» ዓይነት አምስት ደረጃ አለው። በድምሩ 3,125 ዓይነት የጤና ሁኔታ ይለያል። የትኛው ችግር ምን ያህል ይከብዳል የሚለውን ሚዛንም ከፈረንጅ መዋስ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኢትዮጵያውያን የራሳቸው ሚዛን ታትሟል፤ ሰዎች ተጠይቀው፣ ከዚህ ሕመም ለመዳን ከዕድሜህ ስንት ዓመት ትሰጣለህ ተብለው የወጣ ነው። የመጨረሻው ክፉ ሁኔታ ከዜሮ በታች ነው የተመዘነው። ዜሮ ሞት ነውና፣ ከሞት ይብሳል ማለት ነው።

«የእኛ ሰው አልጋ ላይ ሆኖም ተመስገን ነው የሚለው፣ ምን መረጃ ይገኛል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ «ጤናዎት እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «መታጠብ ይቸገራሉ?» ሲባሉ ግን መልሱ ይለያል። የሚያሰጋኝ የጭንቀቱ ጥያቄ ነው፤ ልጅና ምራት ከብቦ ተቀምጦ ማን ደፍሮ አዎ ይላል? ለብቻ መጠየቅ አለበት።

መጠይቁ ሌላም ጉድለት አለው። የሚጠይቀው ስለ ዛሬ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት በወባ ሲንቀጠቀጥ የሰነበተ ገበሬ ዛሬ ማሳው ላይ ከሆነ ጤነኛ ተብሎ ይመዘገባል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በስልክ ዳሰሳቸው ላይ «ባለፉት 30 ቀናት ስንቱን ቀን ጤናህ ጥሩ አልነበረም?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህችን አንድ ጥያቄ ከአምስቱ ጋር መደረብ ማንን ይጎዳል?

በጀት የለም መባሉ አይቀርም። ዋናው ወጪ ግን መረጃ ሰብሳቢውን እዚያ መንደር ማድረስ ነው፣ እሱ ደግሞ ደርሷል። አምስት ጥያቄ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። የዕድሜ ጣሪያውን ማንሳት ናሙናውን ስለሚያሰፋ በእርግጥ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሁሉንም ቤት ማዳረስ ካልተቻለ ከ50 በላይ የሆኑትን ከየሦስተኛው ቤት መጠየቅ ይቻላል።