«ዝም ብለው ይለፉት» ማለት ይብቃን

ሰኔ 30 ነበር። ካርድ የሚሰጥበት ቀን። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ውጤት ወላጆች በስልካቸው እንዲያዩ በራሱ ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል። ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል የተቀመጠ፣ ሊኑክስ የተጫነበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። በትርፍ ጊዜያቸው ከሚንከባከቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አንድ አባት ከደጀን ነው የደወሉት።

«ልጄ፣ ውጤቱን ልከፍት ስል ቀይ ነገር መጣብኝ። ሌቦች መረጃህን ሊሰርቁህ ይችላሉ ይላል። ምን ላድርግ?»

«ጋሼ፣ ምንም አይደል። ከታች ያለውን ጽሑፍ ይንኩትና ዝም ብለው ይለፉት» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ባንኩም እንዲህ ካለኝ ልለፈው?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስከ ማታ ድረስ ለብዙ ወላጅ ያንኑ ቃል ደጋገምኩ። በየደወሉ ግን የእሳቸው ጥያቄ ይመጣብኝ ነበር። ሰው እንዲጠነቀቅ የተሠራን ማስጠንቀቂያ «እለፈው» እያልኩ በአንድ ቀን ስንቱን አስተማርኩ?

የሆነው ቀላል ነገር ነው። የድረ ገጹ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ማንነቱን የሚያረጋግጥለት ዲጂታል ምስክር ወረቀት፣ ቀኑ አልፎበታል። ሰርተፍኬቱ ከዓመት በፊት በዶላር ተገዝቶ፣ ምስጢራዊ ቁልፉ ሳይቀር ተጠቅልሎ በቴሌግራም ነበር የተላከልን። ማደሱም የአንድ ሰው ኃላፊነት ነበር። ያ ሰው በዚያ ሰሞን ከከተማ ውጭ ነው። ማስታወሻው የሚደርሰው እሱ ኢሜይል ላይ ብቻ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሳፋሪው ነገር ይህን ሁሉ ማሽኑ ራሱ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ ማንንም ሳይጠብቅ ሊሠራው ይችል የነበረ መሆኑ ነው።

ሰርተፍኬት ምን እንደሆነ ለተማሪዎች ሳስረዳ ከቅኔ ቤት እነሳለሁ። ጎጃም ውስጥ ነው ያለነው፤ ዋሸራን፣ ዲማን፣ ጎንጅን ያልሰማ የለም። አንድ የማይታወቅ ተማሪ መጥቶ «ቅኔ አውቃለሁ» ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማርክ?» ተብሎ ነው። መምህሩን ይጠራል። እሱን የሚያውቅ ከሌለ «እሱስ ከማን?» ይባላል። እንዲህ እያለ ሁሉም የሚያውቀው ስም ላይ ሲደረስ ጥያቄው ያበቃል። ብሮውዘርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰርቨሩ ሰርተፍኬቱን ሲያሳየው «ማን ፈረመልህ? ለሱስ ማን ፈረመለት?» እያለ ይወጣል። ስልኩ ውስጥ አስቀድመው የተመዘገቡ ታማኝ ስሞች አሉ። ከነሱ አንዱ ጋ ከደረሰ ይከፍታል። ካልደረሰ፣ ወይም ቀኑ ካለፈ፣ ያ ቀይ ነገር ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ምስክርነት ስለ ባለቤቱ ጠባይ አይናገርም። ይህ ስም የዚህ ማሽን ነው፣ በመሀል የሚያልፈውንም ሌላ ሰው አያነበውም፣ አይቀይረውም፤ የሚለው ይህን ብቻ ነው። ሌባም በራሱ ስም ሰርተፍኬት ያወጣል። ስለዚህ አድራሻውን በዓይን ማንበብ አሁንም የኛ ሥራ ነው።

«ለአንድ ትምህርት ቤት ውጤት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ አሉ። መምህሩ ማርክ የሚያስገባው ካፌ ቁጭ ብሎ፣ የማን እንደሆነ በማያውቀው ዋይፋይ ነው። ያለ ሰርተፍኬት ፓስዎርዱ እዚያው ዋይፋይ ላይ በግልጽ ያልፋል። ፓስዎርዱን ያገኘ ሰው የልጆቹን ውጤት እንዳሻው ይቀይረዋል። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታየው እስኪደርስ ድረስ ነው።

ድሮ ሰበብ ነበረን። ሰርተፍኬት በውጭ ምንዛሪ ይገዛ ነበር፤ ያንን ደግሞ የት ታገኘዋለህ? አሁን ሰበቡ የለም። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም ሰው በነፃ ይሰጣል። ከመሥራቾቹ መካከል ሞዚላ፣ የኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን እና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይገኙበታል። ዛሬ ከ300 ሚሊዮን በላይ ድረ ገጾች ይጠቀሙበታል። ለኔ ግን በነፃ ከመሰጠቱ ይልቅ የሚበልጠው ሰው የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ሰርቨሩና ሰጪው አክሚ በሚባል ቋንቋ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ሰርቨሩ «ይህ ስም የኔ ነው» ይላል። ሰጪው «የአንተ ከሆነ ይህችን ቃል በዚህ ቦታ አስቀምጥልኝ» ይለዋል። ያስቀምጣል። ሰጪው ከተለያየ የዓለም ክፍል መጥቶ ያያል፤ ካገኛት ይፈርማል። ደቂቃ እንኳ ላይፈጅ ይችላል። ቁልፉም እዚያው ማሽኑ ላይ ተወልዶ እዚያው ይኖራል። ቴሌግራም የሚባል ነገር የለም።

አዲስ ለሚጀምር ሰው ካዲ የሚባለውን፣ ድረ ገጽ ለሰው የሚያቀርብ ፕሮግራም እመክራለሁ። የማስተካከያ ፋይሉ ላይ የዶሜይኑን (የድረ ገጹን አድራሻ) ስምና ድረ ገጹ ያለበትን ፖርት (የበሩን ቁጥር) ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ሰርተፍኬቱን ራሱ ያመጣል፣ ራሱ ያድሳል፣ ሳይቆም ይቀይራል። ቀድሞውኑ ኢንጂን ኤክስ ወይም አፓቼ የሚባሉት ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ያሉት ሰው ደግሞ ሰርተፍኬት የሚያመጣና የሚያድስ ሰርትቦት የሚባል ፕሮግራም ይጫን። ሰርትቦት በቀን ሁለት ጊዜ እየነቃ ቀኑን ያያል፤ የ90 ቀኑ ሰርተፍኬት ወደ 30 ቀን ሲቀረው ያድሰዋል። ማሽኑ ሌሊት መብራት ጠፍቶበት ሰዓቱ ቢያመልጠው እንኳ ሲበራ ያመለጠውን ይሠራል።

ግን ተጭኗል ማለት ሠርቷል ማለት አይደለም። እኛ አገር የሚበላሸው የት የት እንደሆነ ከራሴ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፖርት 80። ብዙ ሰው «ለደኅንነት» ብሎ ይዘጋዋል። ሰጪው ያችን ቃል ለማየት የሚመጣው ግን በዚያ በር ነው። በሩ ከተዘጋ እድሳቱ በዝምታ ይከሽፋል። ከውጭ አገር የሚመጣን ሁሉ የሚከለክል ፋየርዎልም እንዲሁ ያደርጋል፤ ያ ጠያቂ የሚመጣው ከውጭ ነዋ።

ሁለተኛው የሲም ካርድ ኢንተርኔት ነው። በሞባይል ሞደም የተገናኘ ሰርቨር ብዙ ጊዜ የራሱ የሆነ አድራሻ የለውም፤ ከሌሎች ደንበኞች ጋር አንድ አድራሻ ይጋራል። ስለዚህ ከውጭ ማንም መጥቶ አያንኳኳውም። እንዲህ ከሆነ በዲኤንኤስ፣ ማለትም በዶሜይን ስሞች መዝገብ በኩል ማረጋገጥ ይሻላል። ቃሏ ሰርቨሩ ላይ መሆኗ ቀርቶ የዶሜይኑ መዝገብ ላይ ትጻፋለች። ማንም ወደ ማሽኑ መምጣት አያስፈልገውም። ግን ዶሜይኑ የተቀመጠበት ድርጅት፣ መዝገቡን ፕሮግራም በራሱ እንዲጽፍ የሚፈቅድ መሆን አለበት። ዶሜይን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። በኋላ መቀየሩ ያደክማል።

ሦስተኛው ደግሞ የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ የቦርዱ ትንሿ ባትሪ ካለቀች፣ አሮጌ ኮምፒውተር ቀኑን ይረሳል። አንድ ቀን የላብራቶሪ ሠራተኛችን ይህን አይቶ ግድግዳው ላይ ካለው የዘመን መቁጠሪያ ቀኑን አስተካከለ። ግድግዳው ልክ ነው፤ እኛ ጋ 2016 ነበር። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ግን በፈረንጅ ነው፤ ለሱ ያ ዓመት ወደ ኋላ ስምንት ዓመት ነው። ሁሉም ድረ ገጽ ላይ «ይህ ሰርተፍኬት ገና አልጀመረም» ማለት ጀመረ። ግማሽ ቀን ኔትወርኩን ስንወቅስ ዋልን። ልጁ ላይ አልፈርድም። ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ የኛ ሥራ ነበር፤ ባትሪዋንም መቀየር።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ይኸኛው ነው። እድሳቱ ተሳክቷል፣ አዲሱ ሰርተፍኬት ዲስኩ ላይ አለ፣ ሰው ግን አሁንም ቀይ ያያል። ምክንያቱ ኢንጂን ኤክስ አሮጌውን ከጀመረበት ቀን ጀምሮ በሜሞሪው ይዞት ቁጭ ብሏል። «አዲስ መጥቷል፣ እንደገና አንብብ» የሚለው የለም። ሰርትቦት ላይ ከእድሳት በኋላ የሚሠራ ትእዛዝ መጻፍ ይቻላል። አንድ መስመር ናት። ያችን መስመር አትርሷት።

ስትሞክሩ ደግሞ ሌትስ ኢንክሪፕት ለሙከራ ባዘጋጀው ሰርቨር ሞክሩ። ዋናው ገደብ አለው፤ ለአንድ ዓይነት ስም በ7 ቀን ከ5 ሰርተፍኬት በላይ አይሰጥም። አንድ ጎበዝ ተማሪያችን ማሽኑን እየደመሰሰ እንደገና ሲጭን አምስቱንም በአንድ ከሰዓት ጨረሰና ቀናት ጠበቀ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ሰርተፍኬት ሰጪዎችና የብሮውዘር ኩባንያዎች የሚመክሩበት መድረክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የሰርተፍኬትን ዕድሜ ለማሳጠር ወስኗል። በደረጃ እየቀነሰ መጥቶ እ.ኤ.አ. ከማርች 15 ቀን 2029 ጀምሮ ከ47 ቀን በላይ የሚቆይ አዲስ ሰርተፍኬት አይሰጥም። ምክንያታቸው ይገባኛል። ቁልፍ ቢሰረቅ ሌባው የሚጠቀምበት ጊዜ ያጥራል። ያኔ በእጅ አድሳለሁ የሚል ሰው በዓመት ስምንት ጊዜ ሊያስታውስ ነው፤ አያስታውስም። ለዚህ ነው አውቶማቲክ ማድረግ ምርጫ አይደለም የምለው።

ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የኛ ኢንተርኔት ስለመነሳቱ እጠራጠራለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያኔ በሲም ካርድ ብቻ የሚታደስ ሰርቨር የነበረው ሰው የ30 ቀኑ መጠባበቂያ አልበቃውም። ዕድሜው 47 ቀን ሲሆን መጠባበቂያው ወደ ሁለት ሳምንት ይወርዳል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣም ሆነ ዳንግላ ሆኖ ሰርቨር የሚያቆም ሰው ይህን አስቦ ማቆም አለበት።

እኛ አሁን ያደረግነው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ወላጅ ከውጭ የሚከፍተው ገጽ በሌትስ ኢንክሪፕት ይሄዳል፤ መስመሩም በፋይበር ሆኖ ሞደሙ ተጠባባቂ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ብቻ የሚሠራው፣ መጻሕፍትና መልመጃ ያለበት ሰርቨር ግን የራሳችን ውስጣዊ ፈራሚ አለው። የዚያን ፈራሚ ስም በላብራቶሪው ኮምፒውተሮች ላይ አንድ በአንድ አስገባን። አንድ ቅዳሜ ፈጀብን። አሁን ኢንተርኔት ለወር ቢጠፋ ተማሪ ቀይ አያይም። ይህ ግን ለምታስተዳድሯቸው ማሽኖች ብቻ ነው። የወላጅን ስልክ ተቀብላችሁ የራሳችሁን ፈራሚ እንዳታስገቡ። እሱ ከ«እለፉት» ይብሳል።

ማስታወሻውንም ከአንድ ሰው ኪስ አውጥተነዋል። ሌትስ ኢንክሪፕት ራሱ እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ጀምሮ ቀኑ ሲደርስ ኢሜይል መላክ አቁሟል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ስክሪፕት በየጠዋቱ ገጹን ከውጭ ሆና ትከፍታለች፤ ሰርተፍኬቱ 20 ቀን ከቀረው ሰርቨሩን ለምንንከባከበው ለአራታችንም ቴሌግራም ላይ ትጽፋለች። ቁልፍ ለመላክ ያልሆነው ቴሌግራም ለዚህ ሆነ።

እዚህ አካባቢ በክሊኒክ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በትምህርት ቤት የራሱ ሰርቨር ያለው ሰው ካለ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ አብሬው ላዋቅር ፈቃደኛ ነኝ። ክፍያ የለውም። ከመምጣቴ በፊት ግን ሁለት ነገር አግኙልኝ፤ የዶሜይኑን ፓስዎርድ የያዘውን ሰውና የራውተሩን ፓስዎርድ። ዋናው ሥራ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እነዚህን ሁለቱን ፍለጋ ግን ባለፈው አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሦስት ቀን ዞረናል።