የቅዳሜ ኳሳችንን ተዉልን

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የስፖርት ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ ድሬዳዋን ገመገሟት። እንደ እሳቸው አነጋገር ድሬ ድሮ የስፖርተኛ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የተመልካች ከተማ ሆናለች። ወጣቱ ቅዳሜና እሑድን ዲኤስቲቪ ቤት ተጎልቶ ነው የሚጨርሰው። መፍትሔም ይዘው መጥተዋል። ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ቅዳሜና እሑድ ቀን ላይ ይዘጉ፣ ማታ ብቻ ይክፈቱ፤ ያኔ ሕዝቡ ወደ ማስ ስፖርት ይወጣል ባይ ናቸው። አዘጋጁም ሐሳቡን አድንቆ ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

ኧረ አቦ!

እንግዳው የድሮዋን ድሬ ለማሳየት የጠሩት የጥጥ ፋብሪካውን ቡድን ነው። ቡድኑማ ቡድን ነበር። በ1950ዎቹ የአገሪቱን ዋንጫ ደጋግሞ ወደ ድሬ አምጥቷል። ጥር 1954 የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የዚህን ቡድን ማልያ ለብሶ ተጫውቷል። እዚህ ላይ ጠብ የለንም። ግን እስቲ ይንገሩን፣ ያ ቡድን ሲጫወት ዙሪያውን ቆሞ የሚጮኸው ማን ነበር? ከተማው ሁሉ ተሰላፊ ነበር እንዴ? አሥራ አንዱ ሜዳ ውስጥ ነበሩ። የቀረው ሰው ያይ ነበር።

በ1968 ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ የተካሄደው እዚሁ ድሬ ነው። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየር። የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር ሻንጣዋን ሸክፋ የወጣችው ከዚህ ነው። ሞሮኮ ደግሞ ከዚህ አልፋ ዋንጫውን በላች። ድሬ ያኔ ምን አደረገች? ተመለከተች፤ ያውም ጠግባ! እንግዳው ራሳቸው በፕሮግራሙ ላይ በኩራት የተረኩልን አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩትን ጨዋታ ነው። የገቡበትን ጨዋታ አልሰማንም። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ማየት ታሪክ ከሆነ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ስንፍና የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ዋናው ነገሬ ግን ፀሐይዋ ናት። ይህን ሐሳብ ያፈለቀ ሰው ወይ የድሬን ፀሐይ ረስቷል፣ ወይ ቢሮው ኤሲ አለው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። እዚያ 4 ሰዓት ላይ ጃኬት ለብሰው ይሮጣሉ። እዚህ በግንቦትና በሰኔ 4 ሰዓት ላይ የሚሮጥ ሰው ካያችሁ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሌባ እያባረረ ነው። ቀትር ሲሆን ሱቁ ይዘጋል። ባጃጁ የዛፍ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ሰው ሽርጡን አገልድሞ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ጋደም ይላል። ይህ ከስንፍና አይቆጠርም። ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ የኖረችበት ሰዓት ነው።

አሁን የኳሱን ሰዓት እንይ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ እኛ ጋ 8:30 ይጀምራል። በጥቅምት እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 9:30 ይሆናል። በል እንግዲህ፣ 8:30 ላይ ከቀፊራ እስከ ሳቢያን በእግርህ ሂድና ንገረኝ። አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ጥላህ እንኳ አብሮህ መሄድ አይፈልግም። እናም ያ ሰዓት ኳስ ከስፖርት ላይ የቀማው ሰዓት አይደለም። ፀሐይ ቀድማ ወስዳዋለች። ኳሱ የመጣው ማንም ምንም በማያደርግበት፣ ጣሪያ ሥር ከመቀመጥ ሌላ አማራጭ በሌለበት ሰዓት ነው። ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነው ብል አላጋነንኩም! ቤቱን ብትዘጉበት ልጁ ሩጫ አይወጣም። ቤቱ ገብቶ በስልኩ ያየዋል፤ ካርዱ ሲያልቅበት ይተኛል። ወይ ጫት ይዞ በርጫ ላይ ይሰየማል። ስለ በርጫ ቢያወሩ ኖሮ ዝም ብዬ እሰማቸው ነበር። እሳቸው ግን እሱን ዘለው ኳሱ ላይ ወጡ።

ስፖርት የሚሠራ ጠፋ ለሚለው ደግሞ አጭር መልስ አለኝ፤ ጠዋት ተነሡ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ በከዚራ ዛፎች ሥር ሶምሶማ የሚሄደውን ሰው እዩት። ጨርቅ ጠቅልላ አንገቷ ላይ የጣለች እናት አለች። ቦርጩን እየገፋ የሚያለከልክ ነጋዴ አለ። የጤና ቡድኖቹን እዩ። ጡረተኛው፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ መምህሩ፣ ጉልበቱ ላይ ፋሻ የጠቀለለው የድሮ ተከላካይ በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ። ዳኛው ፉጨት ከረሳ በጣቱ ያፏጫል። ሩጫው ትንሽ ነው፣ ክርክሩ ብዙ። ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት ጨርሰው ፈጢራ በሻሂ እየበሉ ማን ጎል እንዳበላሸ ይጨቃጨቃሉ። በዚያ ሰዓት የሬዲዮው እንግዳ ተኝተው ነበር ብዬ አልፈርድም። ግን አላየናቸውም።

ከዚያ የቅዳሜ ጉዳይ ይከተላል። ሽንኩርትና ከሰል ከገበያ ይገዛል፣ ታይዋን ገበያ ሄዶ ቻርጀር ይለወጣል፣ ፀጉር ይስተካከላል፣ የተሰፋ ሱሪ ይመጣል፣ ውኃ ካለ ጀሪካን ይሞላል። ሁሉም ከ6 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ይህን የሚያደርጉት ባብዛኛው ሴቶች ናቸው። ዘንቢል አንጠልጥለው ከመጋላ ከዚራ የሚመላለሱት መንገድ ቢለካ የስንቱን ማስ ስፖርት ያስንቃል። እነሱ መቼ ይረፉ፣ የት ይጫወቱ ብሎ በሬዲዮ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

እና ይህን ሁሉ የጨረሰ ሰው 8:30 ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ሲገባ ነው "ተጎለተ" የሚባለው። በሩ ላይ በጠመኔ "አርሴ – ቼልሲ 8:30" የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ አለ። የዩናይትድ ማልያ የለበሰ ልጅ ገንዘብ ይሰበስባል፤ አርሴናሎችን ሲያስገባ ፊቱን ያጨማድዳል። አግዳሚው ጠባብ ነው። ዳኛው በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ይሰደባል፤ አልፎ አልፎ በሐረሪ የሚጨምርም አለ። መብራት ከሄደ ባለቤቱ ወደ ጄኔሬተሩ ሲሮጥ ማየት ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ ሰው ሳይጠራ፣ ባነር ሳይሰቀል፣ አበል ሳይከፈል በየሳምንቱ አብሮ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ ካለ አሳዩኝ።

"የ11 ሰዓቱ ጨዋታስ?" የሚለኝ አይጠፋም። ይሄኛው ጥያቄ ነው። 11 ሰዓት ላይ ነፋስ ይነሳል፣ እግር ያሳክካል። ግን የት ይሂድ? የሰፈር ሜዳው ግማሹ ግንባታ ሆኗል፣ ግማሹ ታጥሯል። ልጆቹ ወርደው የሚጫወቱት ደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው። ሁለት ድንጋይ እዚህ፣ ሁለት ድንጋይ እዚያ፣ ጎል ሆነ። ሐምሌ 1998 ያ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ የስንቱን ቤት እንዳዘጋ የሚያውቅ ከተማ ልጆቹን ወንዝ ሆድ ውስጥ እያጫወተ፣ ስለ ዲኤስቲቪ ቤት በር ይከራከራል። ማፈር አለብን።

ደግሞ እሳቸው የሚመኙልን ማስ ስፖርት ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። ጥሪው 1 ሰዓት ይላል። ስፒከሩ እስኪስተካከል፣ ባነሩ እስኪሰቀል፣ የክብር እንግዳው እስኪመጡ 2:30 ይሆናል። ከዚያ ንግግር። ከንግግሩ በኋላ ሌላ ንግግር። ሰውነት ማፍታታቱ ሲጀመር ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ፎቶ ተነሥቶ ይበተናል። በዚያ ሁሉ ውስጥ የሚያልበው የቆመው ሕዝብ ነው፣ እሱም በሙቀቱ።

ስለዚህ ማስ ስፖርቱን ንጋት 12 ሰዓት ጀምሩት፣ ንግግሩን ለቢሮ አስቀሩት፣ 1:30 ላይ ልቀቁን፤ ገበያ አለብን። የጤና ቡድኖቹ ሳትጠሯቸው ይመጣሉ። በየሰፈሩ አንድ ሜዳ ከአጥር ካስለቀቃችሁልን ደግሞ የ11 ሰዓቱን ጨዋታ ትቼ እኔ ራሴ በረኛ እሆናለሁ። የ8:30ውን ግን አትንኩብን። እስከ 10:30 ድረስ ለማንም ለምንም የለሁም።