ወፍ ልናይ ነው ወይስ ልናባርር?
ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ዳርቻ ከጓደኞች ጋር ወፍ ማየትን የመሰለ ነገር የለም፤ ጓደኞቹ አደብ ካላቸው። የእኔዎቹ ግን ወዴት! የባሕሩ ውሃ በየዕለቱ ከፍ ብሎ ሲሞላ ወፎቹ የሚመገቡበት ጭቃ ይሸፈንና ወፎቹ ወደ ዳር ይጠጋሉ። ቁም ነገሩ ከሙላቱ ቀደም ብሎ መድረስ ነው። እነሱ ቁርስ ሲያራዝሙ ሰዓቱ ያልፋል። ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። አንዷ ስልኳን ይዛ «ትንሽ ልጠጋ» ትላለች። ብርር! መንጋው በሙሉ ተነሳ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እኮ መንገደኞች ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ጎድዊት የሚባል ወፍ ከአሜሪካዋ አላስካ እስከ አውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ በርሯል፣ በ11 ቀን! እንዲህ ደክሞ የሚመጣን ፍጡር ለፎቶ ተብሎ ከምግቡ ማስነሳት ምን ይሉታል? ይባስ ብለው «ወፎቹ የታሉ?» የሚሉት እኔን ነው!